ፊቱን ወደ ሕዝቡ ያዞረ ወንበር

በዲላ የሠፈራችንን የፊልም ፌስቲቫል ያዘጋጀነው አራት መምህራን ነበርን። በመክፈቻው ዕለት ያሳየነው በአንድ የጌዴኦ ሽማግሌ የዳኝነት ሕይወት ላይ የሠራነውን አጭር ፊልም ነው። ሽማግሌው ራሳቸው አይተው ካልፈቀዱ ወደ ጨለለቅቱ ከተማ ወስደን እንደማናሳየው ቃል ገብተንላቸው ነበር።

አዳራሹ ሲሞላ ግን የእርሳቸው ወንበር ለስክሪኑ ጀርባውን ሰጥቷል። እንደ ሶንጎ፣ እንደ ሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ሕዝቡን ፊት ለፊት እያዩ ተቀመጡ። ወንበሩን ያዞሩት እርሳቸው ይመስለኛል፤ ፕሮጀክተሩን የያዘችው ባልደረባችን ግን እስከ ዛሬ፣ "አንተው ነህ እንደ ክብር እንግዳ ያስቀመጥካቸው" ትለኛለች። ደፍሮ "ይዙሩ" ያላቸው አልነበረም። ፊልሙ እስኪያልቅ አንዴም ዘወር አላሉም።

"አባባ፣ ፊልሙን እኮ አላዩትም" አልኳቸው፣ ፈቃዱ ያመለጠን መስሎኝ።

"ሰዉን አየሁ አይደል? ያ ጎረቤቴ፣ በመሬት ነገር የፈረድኩበት፣ ከልቡ ሲስቅ ነበር። ቂም የያዘ ሰው እንዲህ አይስቅም። ውሰዱት!"

ያን ቀን ወንበሩን ማን እንዳዞረው ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም። ጨለለቅቱ ላይ ግን ወንበራቸውን ወደ ሕዝቡ ያዞርኩት እኔ ነኝ።