ለአያሌው ያዋስሁት መጋዝ

በደን ልማቱ ጋራዥ ሥራ የጀመርሁ ዕለት የጋራዡ ኃላፊ ጋሽ ንጉሤ አንድ የሞተር መጋዝ አስነሥተው ፊቴ ያዙት። ከዚያ ቤንዚን መስጫውን ለቀቁት። ሞተሩ ዝቅ ብሎ ያጉረመርማል፣ ሰንሰለቱ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። «ይህ ሚኒሞ ይባላል» አሉኝ። «በሚኒሞ ሰንሰለቱ ንቅንቅ ካለ መጋዙ በሽተኛ ነው። ገባህ?»

«ገብቶኛል ጋሼ» አልሁ። ምንም አልገባኝም ነበር። አፌ ብቻ ነው የመለሰው።

ፈሪ ነኝ፣ አልደብቅም። ሃያ ስድስት ዓመት መጋዝ ስጠግን አንድም ቀን ዛፍ አልቆረጥሁበትም። የኔ ሥራ ካርቡራተር ማጠብ፣ የፒስተን ፋሻ መቀየር፣ የሰንሰለት ጥርስ በሞረድ መሳል ነበር። ለጥገና ጫካ ስወጣ፣ ዛፍ ሲወድቅ ከመኪና ጀርባ ስለምሸሸግ ቆራጮቹ «ሙሽራው» ይሉኝ ነበር።

ጡረታ ስወጣ ግን ከመጋዝ መለየት አቃተኝ። ጋራዡ የጣላቸውን አሮጌዎች ለምኜ ላሊበላ ወዳለው ቤቴ አመጣኋቸው። እፈታታቸዋለሁ፣ በናፍጣ አጥባቸዋለሁ፣ ዝገታቸውን ፍቄ ቀለም እቀባቸዋለሁ። ስንት ዓመት ዝም ያለ ሞተር ተነሥቶ ሲጮህ ደስታዬ ሌላ ነው። ከዚያ አጠፋና መደርደሪያ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ባለቤቴ ሙሉ «ዛፍ የማይቆርጥ መጋዝ ምን ይሠራልሃል?» ትለኛለች።

ከሁሉ የምወደው አንድ ቀይ መጋዝ ነበር። የዛሬዎቹ ድንገት ሰንሰለቱን የሚያቆም ፍሬን አላቸው፤ እሱ ከዚያ በፊት የተሠራ ስለሆነ የለውም። ሞተሩን ከሰንሰለቱ የሚያገናኘው የፍሪሲዮን ሞላ ላልቶ ስለነበር በሚኒሞ ሰንሰለቱ ቀስ እያለ ይዞራል። ደህና ሞላ ከሌላ የሞተ መጋዝ ፈትቼ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጫለሁ። የቀረኝ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

አያሌው የመጣው በዚያ ሳምንት ነው። የሙሉ ወንድም ነው፤ ድሮ እኛ ዘንድ ዛፍ ቆራጭ ነበር፣ አሁን ከብልባላ ወዲያ አናጢ ነው። ነፋስ የጣለው ትልቅ ጽድ በሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተጋድሟል፣ ንግሡ ደግሞ ደርሷል፣ ታቦቱ የሚወጣበት መንገድ የለም። ቀዩን መጋዝ አንሥቶ አገላብጦ አየው።

«አንተየ፣ አዲስ አደረግኸው እኮ። አለቀ?»

«አለቀ» አልሁት።

ለምን እንዳልሁ ሳስበው አሁንም ያሳፍረኛል። በሥራ ዘመኔ ቆራጭ አድንቆኝ አያውቅም፣ «ትንሽ ይቀረዋል» ማለት ከበደኝ። ይባስ ብዬ አዋቂ መሆን አማረኝና ምክር ጨመርሁለት። «ይህ ሞቆ ከጠፋ ቶሎ አይነሣም። ዕረፍት ስትወስድ አታጥፋው፣ በሚኒሞ ተወው።» እሽ ብሎ በኬሻ ጠቅልሎ ይዞት ሄደ። የድሮ ቆራጭ ነው፣ ራሱ ያየዋል ብዬ ተኛሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ሞላውን ጠረጴዛው ላይ ሳየው የሚመጣው ሁሉ ታየኝ። አያሌው ቄስ አይቶ መስቀል ሳይሳለም አያልፍም። የሚሠራው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነው፣ ካህናቱ ይወጣሉ ይገባሉ። ያንን መጋዝ ሳያጠፋ ባንድ እጁ ጭኑ አጠገብ አንጠልጥሎ ጎንበስ ይላል። አታጥፋው ያልሁት እኔ ነኝ።

ደወልሁ፣ ኔትወርክ የለም። ደግሜ ደወልሁ።

«ምነው ፊትህ አመድ መሰለ?» አለችኝ ሙሉ።

«አያሌውን አንድ ነገር ሳልነግረው ቀረሁ።»

«ምን ነገር?»

«የመጋዝ ነገር ነው» ብዬ ወጣሁ። ወንድሟ ነው፤ ለሷ የምናገርበት ድፍረት ከየት ይምጣ?

ባገኘሁት አይሱዙ ተሳፍሬ ብልባላ ወረድሁ፣ ከዚያ በእግሬ ቀጠልሁ። ከሰፈራቸው በፊት ያለው ሸለቆ አፋፍ ላይ ስደርስ ከማዶ ድምፁን ሰማሁት። የራሴን መጋዝ አላጣውም። ሲጮህ እየቆረጠ ነው፣ ሁለቱም እጆቹ እጀታው ላይ ናቸው። ድምፁ ዝቅ ሲል ነው ነፍሴ የምትወጣው። ዝቅ አለ። እግሬ ቆመ። መልሶ ጮኸ፣ ሮጥሁ። እንዲህ እያለ ሦስት ጊዜ ዝቅ ከፍ አለ። በአራተኛው ዝቅ ብሎ ቆየና ጭራሽ ጠፋ። አያሌው አያጠፋውም፣ እንዳያጠፋ ነግሬዋለሁ። እንዴት ሽቅብ እንደወጣሁ አላስታውስም።

ስደርስ ሰው ክብ ሠርቷል። አያሌው ግንዱን ተደግፎ ተቀምጧል፣ ሱሪው ተተልትሏል፣ ጭኑ ላይ የታሰረው ነጠላ በደም ርሷል። ነጠላው የደብሩ አስተዳዳሪ የአባ ኪሮስ ነው። መስቀላቸውን እንደያዙ አጠገቡ ቆመዋል።

«ሊሳለም ጎንበስ ሲል ነው ልጄ» አሉኝ። «እኔ ባልመጣ ኖሮ ደህና ይውል ነበር።»

«ኧረ አባ፣ የኔ ጥፋት ነው» አለ አያሌው። «ጣቴ ቤንዚን መስጫውን ሳይነካው አይቀርም።» ወደኔ ዞረ። «መጋዝህንም አፈር ላይ ጣልሁብህ።»

በቃሬዛ አንሥተነው ወደ ብልባላ ጤና ጣቢያ ወረድን። ማንም አልጠረጠረኝም። ዝም ካልሁ ነገሩ እንደተደበቀ ይቀራል፣ ሙሉም አታውቅም። ይህን ማሰቤ ራሱ አስፈራኝ።

አባ ኪሮስ ከኋላ ይከተላሉ። ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው «ከእንግዲህ ሥራ ላይ ላለ ሰው መስቀሌን አልዘረጋም» ሲሉ ሰማኋቸው።

«አባ፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም» አልሁ። «የሱም አይደለም። ሰንሰለቱ በሚኒሞ ይዞር ነበር፣ አውቅ ነበር።»

ተሸካሚዎቹ ቆሙ። አያሌው አንገቱን ቀና አድርጎ አየኝ።

«ስጠይቅህ አለቀ አልኸኝ።»

«አልሁህ።»

ፊቱን ከኔ አዙሮ «አባ፣ መስቀልዎን ያሳልሙኝ» አለ። አባ ኪሮስ መስቀላቸውን ዘርግተው አሳለሙት፣ ተሸካሚዎቹም መንገዳቸውን ቀጠሉ።

አያሌው ዳነ፣ ቁልቁለት ሲወርድ ግን እግሩን ይጎትታል። ሙሉን ያን ዕለት ማታ ነገርኋት፤ ብዙ ቀን ከግድ ነገር በቀር አላናገረችኝም። እሱ ቤታችን ሲመጣ ሰላም ይለኛል፣ ስለ መጋዝ ግን አንሥቶ አያውቅም፣ እኔም አላነሣም።

ጋራዥ ለምትሠሩ የምነግራችሁ ይህን ነው። ያልጨረሳችሁትን ዕቃ ሰው አንሥቶ «አለቀ?» ካላችሁ፣ «አላለቀም» በሉት።