ሆዶና ሀርሺን የተቀበረው እንቅርት

የሆዶ ግራ እጅ እስከ አንጓው ድረስ በሂና አበባ ተሞልቷል፤ በታመመ ጣት ስለሳለችው ግን መስመሩ ተንጋዷል። ቀኝ እጇ ላይ ያለው ፋሻ ብቻ ነው። በጅግጅጋ የስንቱን ሙሽራ እጅ ያስዋበችው ሆዶ የራሷን ቀኝ እጅ መሳል አትችልም፤ እሱን ይስልላት የነበረው ባሏ ዐያንሌ ነው። አበባ ሳልልኝ ስትለው የግመል ኮቴ ይስልላት ነበር። እሷም እየሳቀች ለጎረቤት ስታሳይ ትውል ነበር።

የአንገቷ እንቅርት በቀዶ ሕክምና የወጣ ዕለት ሐኪሙ የወጣውን ሥጋ በብልቃጥ አድርጎ ለዐያንሌ ሰጠው።

“ሐረር አድርስልኝ። ካንሰር መሆን አለመሆኑ እዚያ ይታያል።”

ዐያንሌ የሚያውቀው ግን ከሰው አካል የተቆረጠ ነገር እንደሚቀበር ነው። ወደ አገሩ ሀርሺን ወሰደና ዱዓ አድርጎ ቀበረው። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘ።

“ታዲያ ሜዳ ላይ ልጣለው?” አለ ዐያንሌ።

ያኔ ተሳቀበት። በዓመቱ እሱም እዚያው ሀርሺን ተቀበረ፤ ሆዶም መልስ ካልተገኘለት አንገቷ ጋር ብቻዋን ቀረች። ምራቋን በዋጠች ቁጥር እጇ ወደ ጠባሳው ይሄዳል።

ዘንድሮ ደግሞ የቀኝ እጇ ሌባ ጣት ሥር አበጠ። ከአንገቴ ወርዶ ይሆን እያለች እንቅልፍ አጣች። እብጠቱ ሲወጣ ብልቃጡን ለማንም አልሰጠችም፤ ራሷ ይዛ ላቦራቶሪ ገባች።

“ይቺን እንዳትቀብሪብኝ” አለቻት ናሙና ተቀባይዋን እስከዳርን።

“እኛማ ሰም ውስጥ ነው የምንቀብረው፣ ኤዶ” አለች፤ በሶማልኛ አክስቴ ማለቷ ነው። “ ከዚያ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በስሱ ቆርጠን እናየዋለን።”

“ሽንኩርትማ እኔም እከትፋለሁ፤ ቅጠሪኝ!”

ዛሬ ውጤቱን ልትሰማ መጥታለች። እስከዳር ናሙናውን የመረመረውን የፓቶሎጂ ሐኪም ጽሑፍ አነበበችላት። ዕጢው ከጣቷ ጅማት ሽፋን የበቀለ ነው። ካንሰር አይደለም፤ ከአንገቷም አልመጣም።

“አልሐምዱሊላህ። አንገቴስ?”

“የአንገትዎን ይሄ አይነግረንም። በየጊዜው እየመጡ ይታዩ።”

ሆዶ የአንገቷን ጠባሳ ዳሰሰች። “ከእብጠቱ የተረፈውን ስጪኝ” አለች።

“ምን ያደርግልዎታል?”

“ዐያንሌ ያኛውን ይዞ ተኝቷል። ይሄንንም አጠገቡ ላኑርለት። ጣቴን ይወዳት ነበር።”

እስከዳር ሐኪሙን አስፈቅዳ፣ ሥጋውን ከመበስበስ ያቆየውን ፎርማሊን አጥባ፣ በጎዝ ጨርቅ ጠቅልላ ሰጠቻት። ሆዶ በማትስለው ቀኝ እጇ ጨበጠችው። ከበሩ ወጥታ፣ ሻሿን ነፋስ እየገፋው፣ ሀርሺን ወደሚሄደው መኪና አመራች።