ወፍጮው አላረጀም

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናዝዤው አላውቅም። ጾም በገባ ቁጥር ሌላ ሌላውን እየዘረዘርኩ፣ ይህን እየዋጥኩ ተመልሻለሁ። ለእናንተ ልናገረው፤ ፊቴን አታዩትምና።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የነጋዴዎችን ሒሳብ እሠራለሁ። እትዬ አንጓች ደብረ ኤልያስ ላይ ወፍጮ ቤት የነበራቸው ባልቴት ናቸው፤ ባላቸው ሲሞቱ የተረፋቸው ያ ወፍጮ ብቻ ነበር። ግብራቸውን የማሳውቅላቸው እኔ ነበርኩ። ማሽን በየዓመቱ ስለሚያረጅ ከትርፉ ላይ የሚቀነስለት አለ፤ የእርጅና ቅናሽ ይባላል፤ ግብር ያቀላል።

«እትዬ፣ የወፍጮው እርጅናስ?» አልኳቸው ቸኩዬ።

ክው አሉ። «ምን በወጣው! ወፍጮዬ አላረጀም! ደግሞ ማን ነው ያሳበቀብኝ?»

አረጀ ከተባለ የሚዘጉባቸው መስሏቸው ነው። ገባኝ እኮ! ነገሩን እንደሳቱት እዚያው ገባኝ። ማስረዳት አቅቶኝ ነው? ውጭ ሰው ይጠብቀኝ ነበርና ሳቅኩባቸው። ሳቅኩና ቅናሹን ዘልዬ የግብር ማስታወቂያውን አስገባሁ። በሚቀጥለውም ዓመት ያንኑ ገለበጥኩ።

ግብሩ ከበዳቸው። «ልጄ፣ ምነው እንዲህ በዛብኝ?» ብለው መጡ። ማሻሻያ አስገብቶ ማስተካከል ይቻል ነበር፤ ጊዜውም አላለፈም። ግን «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ወሬው ገበያውን ቢያዳርስ ማን ሒሳቡን ይሰጠኛል? ፈራሁ። «የመንግሥት ነገር ነው፤ ምን ይደረጋል እትዬ» አልኳቸው። እኔ ነኝ ያልኩት፣ በዚህ አፌ።

ወፍጮውን ሸጡት። ውሉ ላይ ምስክር ያደረጉት ማንን ይመስላችኋል? እኔን! ፈረምኩ። ትከሻዬን ሳሙኝና፣ «እግዜር ይስጥህ ልጄ፤ አንተ ባትኖርልኝ ምን ይውጠኝ ነበር» አሉ።

ሥራ በዝቶብኝ ነበር፣ ልጅ ነበርኩ፣ ልል እችላለሁ። አልልም። ዛሬ እትዬ አንጓች የሰው እህል እያበጠሩ ይኖራሉ። ማሻሻያውን አሁን የሚቀበል የለም፤ እሳቸው ግን አሉ። ልነግራቸው ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ በራቸው ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ፤ ወንድ አይደለሁም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ያን ቀን ለምርቃታቸው ምን ብዬ እንደመለስኩ ብቻ ስሙልኝ። ዐይን ዐይናቸውን እያየሁ፣ አሜን አልኩ።