አማቴ በጆሯቸው የመረጡት አበባ

አሰላ ላይ የራሳችን ቤት የገባን ዓመት ደጃችን ጭቃና ከግንባታ የተረፈ ጠጠር ነበር። ባለቤቴ «ሊሾ እናስደርገውና እንገላገል» ይል ነበር። እሱ የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ጎበሳ ተወልዶ ያደገ፣ ጭቃ የሰለቸው ሰው። እኔ ከወሎ በሥራ ተመድቤ የመጣሁ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ቀኑን ሙሉ አንገቴን ደፍቼ የሰው ደምና ሰገራ በማይክሮስኮፕ ሳይ ስለምውል፣ ቤቴ ስገባ ዓይኔ የሚያርፍበት ነገር ፈለግሁ። በመጨረሻ ተስማማን፤ ከበሩ እስከ ደረጃው ያለው ለእሱ ሊሾ፣ ከአጥሩ ሥር ያለው ለእኔ አበባ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ አላማረም። አዳማ ለስልጠና ሄጄ ደስ ያለኝን ሁሉ በካርቶን ይዤ መጣሁና ተከልኩት። ኅዳር ላይ ከጭላሎ በኩል ውርጭ ወረደ። ጠዋት ስወጣ አበባው በሙሉ የተቀቀለ ጎመን መስሎ ተኝቷል። ባለቤቴ የአጥሩን ሥር ሊሾ ምን ያህል እንደሚፈጅ በዓይኑ ሲለካ አይቼዋለሁ።

በሚቀጥለው መስከረም ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ መንገድ ዳር ችግኝ ወደምትሸጥ ሴት ሄድኩ።

«በየዓመቱ የማልተክለው አበባ ስጪኝ። ውርጭ ቢመታው እንኳ ከሥሩ የሚመለስ» አልኳት።

እየዞርኩ በጣቴ አሳየኋት። ነጩን ዴዚ፣ ዳሊያውን፣ ክሪሳንተመሙን፣ እሷም ስሙን የማታውቀውን አንድ ሐምራዊ አበባ። ሴትዮዋ ሳቀች።

«የመረጥሽው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው እኮ! መሀሉ ክብ፣ ዙሪያው ጨረር። አንቺ የምትፈልጊው አደይ አበባ ነው፤ ለምን ከሜዳ አትለቅሚም?»

እውነቷን ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ልብ አላልኩትም ነበር።

«አደይማ ወር ሳትቆይ ትሄዳለች። የሷ ዘመድ ሆኖ የሚቆይ ካለሽ ነው» አልኳት።

በቀልድ ያልኩት ነገር እቤት ገብቼ በስልኬ ሳነብ እውነት ሆኖ አገኘሁት። አደይም፣ ዴዚውም፣ ዳሊያውም አንድ ቤተሰብ ናቸው። ይባስ ብሎ፣ አንድ አበባ የሚመስለን ነገር አንድ አበባ አይደለም ይላል፤ ተሰብስበው እንደ አንድ የቆሙ ብዙ ጥቃቅን አበቦች ናቸው። አላመንኩም። በማግስቱ ከሥራ ባልደረባዬ አጉሊ መነፅር ተዋስኩ። ቅዳሜ ተመልሼ ሄጄ አይቼ እገዛለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ቅዳሜ ሳይደርስ ግን አማቴ ከጎበሳ መጡ። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ላይ ሞራ ወጥቶ፣ ሰው ከፊታቸው ሲቆም ጥላ መሆኑን እንጂ ማን መሆኑን አይለዩም ነበር። ለአንደኛው ዓይናቸው የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተይዞላቸዋል፤ እስከዚያ እኛ ዘንድ ይቆያሉ። አማቴ ባላቸውን ከቀበሩ በኋላ ንብ እያነቡ ልጆች ያሳደጉ፣ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ የማይሆንላቸው ሴት ናቸው። ሶፋችን ላይ ሁለት ቀን ተቀመጡና በሦስተኛው፣ «ኢንተላ ኮ፣ የትም ብትሄጂ ይዘሽኝ ሂጂ» አሉኝ። «ልጄ» ማለታቸው ነው፤ ሲለምኑ ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል።

ስለዚህ ቅዳሜ በባጃጅ አብረን ሄድን። ሻጯ በርጩማ አውጥታ በችግኞቹ መሀል አስቀመጠቻቸው። የዳሰሱትን ቅጠል ሁሉ እያሹ ማሽተት ጀመሩ።

«ይሄ አሪቲ ነው» አሉ፣ የክሪሳንተመሙን ቅጠል ይዘው።

«አይደለም እማዬ፣ የአበባ ችግኝ ነው።»

«ሽታው ግን የአሪቲ ነው።»

ስልኬን አውጥቼ ፈለግሁ። አሪቲም ከዚያው ቤተሰብ ነው። ስነግራቸው ደስ አላቸውና ሌላ ቅጠል አሹ። «እንግዲያው ፌጦም ዘመዳቸው ነው፣ እሱም አፍንጫ ይመታል» አሉ። ፈለግሁ፤ ፌጦ የጎመን ዘመድ ነው። «ተሳሳትኩ!» ብለው እጃቸውን አጨብጭበው ሳቁ፤ ሻጯም እኔም አብረን ሳቅን።

እኔ ዓይኔ ቀይ ዳሊያ ላይ ቀርቷል። እንደ ጥቅል ጎመን ድርብርብ ያለ፣ ከሁለት መዳፍ የሚተርፍ፣ ደም የመሰለ አበባ። ሁለቱን እገዛለሁ እያልኩ ነበር፣ አማቴ ጆሯቸውን ቀስረው ፊታቸውን ወደ ግራ አዙረው፣ «እዚያ ምን አለ?» ያሉት።

«ዳሊያ ነው፤ ግን አያምርም።» ነጠላ ነው፤ ዙሪያውን አንድ ረድፍ የአበባ ቅጠል ብቻ፣ ቀለሙም የደረቀ ሽሮ።

«ንቦቹ ሁሉ እዚያ ናቸው» አሉ።

ጠጋ ብዬ አየሁ። እውነትም በየአበባው መሀል ንብ ተደፍታ ትሠራለች። እኔ የወደድኩት ትልቁ ቀይ ላይ ግን አንዲትም የለችም። አንዷ መጣች፣ ዞረችው፣ ሄደች።

«ቀይ አይወዱ ይሆናላ» አለች ሻጯ።

ከወደ ጥግ ግን ነጠላ የሆነ ቀይ ዳሊያ ነበራት። ሄጄ አየሁ፤ ንብ አለበት። ስለዚህ ነገሩ ቀለም አይደለም። አሁን የምር ገረመኝ። ሻጯን አስፈቅጄ ከሁለቱም ዓይነት ሊረግፍ የደረሰ አበባ ቆረጥኩና፣ በርጩማው ሥር ቁጢጥ ብዬ በአጉሊ መነፅሩ ፈታኋቸው።

የነጠላው መሀል ላይ ያለው ቢጫ ነገር እንዲሁ ቢጫ ነገር ብቻ አልነበረም። እያንዳንዷ ቅንጣት የራሷ አፍ ያላት ጠባብ ቱቦ ናት፤ ከአፏ የአበባ ዱቄት ብቅ ብሏል። ያነበብኩት እውነት ነበር፤ እያንዳንዷ አበባ ናት። ድርቡን ቀይ ስፈታው ደግሞ ውጪም ቅጠል፣ ውስጥም ቅጠል፣ እስከ መጨረሻው ቅጠል። ቱቦዎቹ የሚቀመጡበት ቦታ ሁሉ በቅጠል ተይዟል። ንብ ብትመጣም የምትገባበት አፍ የለም።

ለአማቴ እያንዳንዱን ነገር ተረክሁላቸው። የፈታሁትን ቀይ በጣታቸው ዳሰሱ።

«ታዲያ ይሄኛው ለማን ብሎ ያብባል?»

«ለኛ ነዋ!» አለች ሻጯ።

ነጠላውን ሽሮ መሳይ ዳሊያ፣ ነጩን ዴዚና ክሪሳንተመሙን ይዘን ተመለስን። አማቴ በባጃጁ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ጨመሩ፤ ከአጥሩ ጥግ ግራዋ ይተከል። ለንብ ከግራዋ የሚበልጥ የለም አሉ። ባለቤቴ ማታ ሲሰማ፣ «እኛ ቤት ጠላ አይጠመቅ፤ ግራዋ ምን ይታጠብበታል?» ብሎ ቀለደ። ቤተሰቡ በሙሉ ጴንጤ ነው፤ በዚያ ቤት ጋን ማጠብ የሚባል ነገር የለም። እኔም ግራዋ በየአጥሩ የሞላ ተክል ነው ብዬ ነገሩን ችላ አልኩት።

ጥቅምት ላይ ቀዶ ሕክምናው ተደረገላቸው። በማግስቱ ነርሷ ፋሻውን ስታነሳ እኔና ባለቤቴ አጠገባቸው ቆመን ነበር። ዓይናቸውን ደጋግመው ጨፈኑ፣ ገለጡ። ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«አርጅተሃል» አሉት።

እሱ ሳቅ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ፤ ወዲያው ግን ዓይኑን በእጁ ጀርባ ሲጠርግ አየሁት። እኔን ደግሞ አገላብጠው አዩኝና፣ «አንቺ ያሰብኩሽን ያህል ጥቁር አይደለሽም» አሉኝ።

ቤት ስንደርስ ወደ ውስጥ አልገባም አሉ። በቀጥታ ወደ አጥሩ ሥር ሄዱ። ጎንበስ እንዳይሉ ነርሷ አስጠንቅቃ ስለነበር እኔ አበባውን በግንዱ ቀና አድርጌ ያዝኩላቸው። ነጩን ዴዚ ወደዱት። በጆሯቸው ወደመረጡት ዳሊያ ስንደርስ ግን ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሄ ነው?»

«አዎ እማዬ፣ ንቦቹ የነበሩበት።»

«ቀለሙ የታመመ ይመስላል።» ከዚያ ዓይናቸውን ሲያነሱ የጎረቤታችንን አጥር አዩ። እዚያ ላይ ድርቡ ቀይ ዳሊያ በሙሉ ግርማው ፈክቶ ቆሟል። «ያ ምንድን ነው?»

«ያማ ንብ የማይገባበት ነው። ነግሬዎት የለ?»

«ንብ ከፈለገች ጎበሳ ትሂድ። እኔ ያንን ነው የምፈልገው!»

እኔ በበኩሌ በዚያች ቅዳሜ ሐሳቤን ቀይሬ የነጠላው ደጋፊ ሆኜ ነበር። ስለ ቱቦዎቹ፣ ስለ ዱቄቱ፣ የድርቡ ውበት ባዶ ስለመሆኑ ተከራከርኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። «ልጄ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ቀይ አላየሁም» አሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀዩን ገዝተን፣ ቦታ ስላነሰን ከሊሾው ድርሻ ትንሽ ቆርሰን ተከልነው። ባለቤቴ እናቱ ስለሆኑ ድርሻውን ለቀቀ።

እሳቸው ወደ ጎበሳ ከተመለሱ በኋላ፣ ኅዳር ላይ ውርጩ እንደልማዱ መጣ። ዳሊያዎቹ ሁለቱም ጠቆሩ፤ ዴዚው ብቻ ራሱን ደፍቶ ተረፈ። ደውዬ ስነግራቸው፣ «ላዩን ቁረጪው፣ ሥሩን ተይው» አሉ። እኔ ግን ማወቅ ፈለግሁ። አፈሩን በጣቴ ቆፈር አድርጌ ዳሰስኩ። የእጄ ጫፍ ጠንካራና ቀዝቃዛ ነገር ነካ፤ ድንች የሚመስል ሥር። አልበሰበሰም። መልሼ ሸፈንኩት። በበጋው ወራት ደረቁን መሬት ባየሁ ቁጥር ከሥሩ ምን እየሆነ ይሆን እያልኩ መጓጓት ጀመርኩ። ክሪሳንተመሙን እንዳይደርቅብኝ ብዬ ውሃ አበዛሁበትና ገደልኩት።

የበልግ ዝናብ ሲጥል መጀመሪያ ብቅ ያለው ቀዩ ነው። ነጠላው ዘገየ፤ ተስፋ ልቆርጥ ስል ቀጠን ያለ ቡቃያ አወጣ፤ ዓመቱን ሙሉም ከወንድሙ አነሰ። ዴዚው ግን ማንንም ሳይጠይቅ ተስፋፍቶ የሊሾውን ጠርዝ ያዘ። አማቴ ግንቦት ላይ ሊጠይቁን ሲመጡ ከጎበሳ ድረስ የግራዋ ቅርንጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘው መጡና፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ ከጥጉ ሰኩት። ያዘ። አሁን ከአጥሩ በላይ ሆኗል፤ ነጭ አበባ ሲያወጣ ጥጉ በሙሉ በንብ ይነዝራል።

ለሁለተኛው ዓይናቸው ቀጠሮ የሄድነው በሚቀጥለው መስከረም ነው። ጠዋት ባጃጅ ስላጣን ታች እስከ አስፋልቱ በእግር ወረድን። የውሃ መፋሰሻው ዳር ቢጫ አረም በቅሏል፤ አማርኛው መጭ፣ እሳቸው ቱፎ ይሉታል። አማቴ ቆሙ።

«ይሄስ? ከነሱ ነው?»

«እንሂድ እማዬ፣ ቀጠሮው ያልፋል።»

«ፍቺው እስቲ።»

አጉሊ መነፅሩን ለባልደረባዬ መልሼ የራሴን ገዝቼ ነበር፤ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ሁለታችንም ከቦዩ ዳር ቁጢጥ አልን። መሀሉን ከፈትኩት፤ ትናንሽ ቱቦዎች፣ እያንዳንዳቸው አፍ ያላቸው። መነፅሩን ተቀብለው በዳነው ዓይናቸው አዩ። አንድ ባጃጅ አጠገባችን ቆመ።

«ምን ጠፋባችሁ?» አለ ሾፌሩ።

«ምንም አልጠፋብንም፤ አበባ እያየን ነው» አሉት አማቴ።

ሾፌሩ አንገቱን አስግጎ አየ። «ኑግ ይመስላል» አለ። «ትሄዳላችሁ?»

ተነሥተን ገባን። ባጃጁ እንደተንቀሳቀሰ አማቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«ኑግም ከነሱ ነው እንዴ?»

«አላውቅም እማዬ» አልኩና ስልኬን ከቦርሳዬ አወጣሁ።