ዋናው ባንድ

ባለፈው ሳምንት ደሴ ውስጥ ፀጉሬን እየተስተካከልኩ ሳለ፣ ሬዲዮው «በየፊናቸው አንቱ የተባሉ አራት ሙዚቀኞች አንድ ባንድ መሠረቱ» ብሎ አወጀ። ሳቄ አመለጠኝ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አንስቶ፣ «ጋሼ፣ አይንቀሳቀሱ እንጂ!» አለኝ። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ ያለ ባንድ ውስጥ እንደነበርኩ በምን ይወቀው?

ሪያድ ነበርኩ፤ ሱለይማኒያ በሚባል ሰፈር የአንድ ቤተሰብ ሾፌር። የቤቱ ልጅ ለትምህርት ውጭ ሲሄድ ኤሌክትሪክ ጊታሩን ከነማጉያው ትቶልኝ ሄደ። እህቱ ደግሞ መንጃ ፈቃድ አወጣችና ዓርብ ዓርብ እኔን መፈለጓን ተወች። ጊታርና ትርፍ ጊዜ ያለው ሰው እንግዲህ ምን ይሠራል? ባንድ ያቋቁማል።

ኪቦርድ የሚጫወተው ጀማል መንፉሐ ሰፈር የሚኖር ሴራሚክ አንጣፊ ነው። ድራሙን የሚመታው ሰለሞን ቀለም ቀቢ ነው። ድምፃዊቷ ዘይነባ ነሲም በሚባል ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች፤ ዓርብ ከሰዓት ትወጣና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከመግሪብ በፊት ትመለሳለች። ሁላችንም በየሠርጉ የምንጫወትበት የየራሳችን ቡድን ነበረን፤ የሠርግ ዘፈን ግን አንገሽግሾናል። የራሳችንን ዜማ፣ ያውም በሮክ፣ ልንጫወት ተስማማን። ስማችንንም «ዋናው» አልነው፤ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው ለማለት።

«ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ቡድን የለም። ወላሂ በሉ!» አልኩ እኔው።

ጀማል «ወላሂ» አለ። ሰለሞን ክርስቲያን ነው፤ እሱም «ወላሂ» አለ። ዘይነባ በስልክ ማለች።

አምስት ወር ሙሉ አራታችን አንድ ቀን እንኳ አንድ ቦታ አልተገናኘንም። ልምምዱ በድምፅ መልእክት ነበር። ጀማል ዜማውን ይልካል፣ ሰለሞን በባዶ የቀለም ጣሳ መትቶ ይመልሳል፣ እኔ መብራት በያዘኝ ቁጥር መሪውን በጣቴ እየጠበጠብኩ አጠናለሁ። ያወቅነው አንድ ዘፈን ብቻ ነው፤ ስለ ዝናብ። አቧራው ሰማዩን ቡናማ ባደረገበት ሰሞን ዘይነባ የደረሰችው ነው።

አንድ ዓርብ አራታችንም ልንገናኝ ቆረጥን። ጠዋት ሰበቡ ተከታትሎ መጣ። ሰለሞን፦ «ወንድሜ፣ አሠሪዬ፣ ከፊሌ፣ የግንቡን ቀለም ጨርስ ብሎኛል።» ጀማል፦ «ጥርሴ አብጧል።» ዘይነባ፦ «ማዳም አልለቀቀችኝም።» እኔም በሐዘኔታ፣ «የኔም ማዳም ገበያ አድርሰኝ ብላለች» አልኩ።

ከዚያ ነጭ ጃኬቴን ለበስኩና ከድሮው ቡድኔ ጋር ወደ ኸርጅ ከተማ በሚወስደው መንገድ ወደ አንድ እስትራሃ ነዳሁ። እስትራሃ ለድግስ የሚከራይ ግቢ ነው። ከድር የሚባል የሐበሻ መካኒክ ሠርግ ነበር። እንግዳው እንዳይሰለች ብሎ ሦስት ቡድን እንደጠራ የሰማሁት እዚያ ስደርስ ነው።

በሩን አልፌ ስገባ ጀማል በሩዝ የቀረበውን የከብሳ ሥጋ በዚያ ባበጠ ጥርሱ ሲግጥ አገኘሁት።

«ጥርስህስ?»

«ማዳምህስ?»

ገና ሳንፋጠጥ ከጀርባችን የድራም ጸናጽል ጮኸ። ሰለሞን ከሱዳኖቹ ቡድን ጋር ድራሙን እየገጠመ ነው። ደሜ ፈላ። «መሐላ አፍራሾች!» ብዬ ጮኽኩ።

ሰለሞን ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ይሄ የለበስከው ጃኬት የማዳም ነው?»

ይህን እያለኝ፣ ከሴቶቹ በኩል ካለው መጋረጃ ጀርባ አንዲት ሴት ማይክ ስትሞክር ሰማን። ሦስታችንም ወደዚያ ዞርን። ያንን ድምፅ ማን ያጣዋል!

ወደ መጋረጃው ተጠግቼ፣ «እህቴ፣ አንቺም?» አልኳት።

«እኔስ ሴቶቹን ልሰናበት መጥቼ ነው ዝፈኝልን ያሉኝ» አለች። «የመውጫ ቪዛዬ፣ ኹሩጄ፣ ወጥቷል፤ ማክሰኞ ጠቅልዬ አገሬ እገባለሁ። በስልክ ልነግራችሁ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም።»

ጀማል አጥንቱን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። ሙሽራው ከድር ነገሩን ሲሰማ አጨበጨበ። «አራታችሁም አላችሁ አይደል? ያላ፣ ተጫወቱ!»

ጀመርን። ወዲያው ሰለሞን ብቻውን ጋለበ። ለካስ ጊዜ ለመቆጠብ መልእክታችንን አፍጥኖ እያጫወተ ነው ያጠናው! እንደገና ጀመርን። አሁን ደግሞ ጊታሬ ሲያጓራ የከድር አጎት፣ «ጄኔሬተሩ ሊፈነዳ ነው!» ብለው ሮጠው ማብሪያውን አጠፉት። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መብራቱ ሲመለስ ዘይነባ ከመጋረጃው ወዲያ፣ «ተዉት፤ እኔን ተከተሉ» አለችና ብቻዋን፣ ቀስ ብላ ጀመረች። ጀማል ተከተላት። ሰለሞን በእጁ መዳፍ ብቻ መታ። እኔ ድምፁን ቀንሼ ገባሁ። ሥጋ የሚቆርጡት ሰዎች ቢላቸውን ይዘው ቆሙ። ከመጋረጃው ማዶ እልልታው ተነሣ። ፊቷን ሳናይ አራት ሆነን ጨረስን።

መግሪብ ደርሶ ስለነበር በማዳም መኪና ነሲም አደረስኳት። መንገዱን ሙሉ በፎይል የተጠቀለለ ሳምቡሳ ስትበላ ቆየችና ስትወርድ፣ «ሰለሞንን ከእንግዲህ በቀስታ አዳምጥ በለው» አለችኝ። ማክሰኞ ሄደች። እኛም ወደየቡድናችን ተመለስን። የ«ዋናው» ዕድሜ ያቺው አንድ ዘፈን ናት።

አሁን ደሴ ውስጥ በሰዓቱ ከሚመጡ፣ በደንብ ከሚለማመዱ ሰዎች ጋር እጫወታለሁ። ያኔ ለምን እንደዋሸን አንዳንዴ አስባለሁ። በትርፉ ሥራ፣ በሠርጉ ዘፈን፣ ብንሳሳት ግድ አይሰጠንም ነበር፤ ይሄኛው ግን የራሳችን ስለሆነ ፈራነው መሰለኝ። የዘይነባ መሄጃ ባይደርስ ኖሮ ዛሬም በድምፅ መልእክት እየተለማመድን ነበር።