መጀመሪያ ብይ

አጎቴ ለራበው ሰው ክፉ ወሬ አይነግሩም ነበር።

አዳማ ስማር፣ ከሻሸመኔ ድንች ጭነው በመጡ ቁጥር አይሱዙአቸውን ከግቢያችን በር ራቅ አድርገው ያቆሙና ይደውሉልኛል። «ኮቱ» ይሉኛል በኦሮምኛ፣ «ነይማ፣ ምሳ እንብላ።»

ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ቤት በደወልኩ ቁጥር ሁሉም «ደህና ነን» ይሉኛል፤ ድምፃቸው ግን የደህና ሰው አልነበረም። እንቅልፍ አጣሁ። ደብተር ብገልጥም አንድም ነገር አይገባኝም። አጎቴ መጡ። የቆቃ ዓሣ ጥብስ አዘው፣ እሾሁን ራሳቸው እየለቀሙ «መጀመሪያ ብይ» አሉኝ። በልቼ እጄን ታጥቤ ስመለስ ነገሩኝ።

«እናትሽ ታማ ተኝታለች። ማወቁ ያንቺ ነው፣ ማስታመሙ የኛ። በይ አሁን ሂጂና አጥኚ።»

አለቀስኩ። ያን ቀን ግን ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ። እናቴም ዳነች፣ እኔም ፈተናውን አለፍኩ።

ዘንድሮ የመጨረሻ ፈተናዬን ጨርሼ ሻሸመኔ ስገባ፣ የአጎቴ የለቅሶ ድንኳን ከተነሳ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር።

«ፈተናሽ እንዳይበላሽ ብለን እኮ ነው» አለችኝ እናቴ፣ እንባዋን እየጠረገች።

ከዚህ ቤት እንዲህ ያለውን ነገር አብልተው የሚነግሩኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ።