የቦቢን አፍ ያሰርኩበት ቀን

መጀመሪያ የሰማሁት ትንፋሹን ነው። ከቆርቆሮው መጋዘን ውስጥ፣ በአፍንጫ ብቻ የሚወጣ፣ የሚያፏጭ፣ የሚቸኩል ትንፋሽ። በሩን ስከፍት ውሻዬ ቦቢ ሊነሳ ሞከረ። የኋላ እግሮቹ ከዱት። ወደቀ።

ይህ የሆነው ቡራዩ ውስጥ ነው፤ በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ መንገድ በሚዘጋበት፣ ጎማ በሚቃጠልበት ጊዜ። ወሩ መጋቢት፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳ። ሱቄ እንደ ሰው ሁሉ ሱቅ ዝግ ነበር። በዋዜማው በላይኛው ሰፈር አንድ ውሻ ሲጮህ በጥይት ተመቷል። ማን እንደመታው አልጠየቅንም። ቦቢ ደግሞ በአጥራችን ስር ያለፈን ሁሉ አገሩንና ስሙን ካልጠየቀ የማይለቅ ውሻ ነው። ስለዚህ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አፉን በሻሽ ጠምጥሜ አሰርኩት፤ መጋዘን አስገብቼ ዘጋሁበት። እንዳይሞትብኝ ብዬ ነው። ይህን ለራሴ ስንቴ ነግሬዋለሁ፤ አንድም ቀን አላጽናናኝም።

በሩን የከፈትኩት ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነበር። ሻሹን ፈታሁት። ድዱ እንደ ቀይ ሥር ቀልቷል። ለሃጩ እንደ ሙጫ ይዝረበረባል። ዓይኑ ተከፍቷል፣ እኔን ግን አያየኝም።

ግቢውን የምንጋራው እትዬ አስካለ ከኋላዬ ጮኹ። “አብዷል! አንቺ ልጅ፣ ሳይነክስሽ ውጪ!”

ለሃጭና መንገዳገድ ያየ ሰው ሌላ ምን ይላል? የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካርዱ እኮ ቤቴ ውስጥ አለ። እኔም ግን አመንኩ። ወጣሁ። በሩን መልሼ ዘጋሁበት።

ከውስጥ አንዴ በሩን ቧጠጠ። ከዚያ ዝም አለ። ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ አላውቅም። እስካሁን የሚያባንነኝ ያ ዝምታ ነው።

እትዬ አስካለ ዱላ የሚይዝ ሰው ፍለጋ ወጥተው ይዘው የመጡት ኦቦ ቶሎሳን ሆነ፤ ጡረታ የወጡ የእንስሳት ጤና ረዳት። እሳቸው ዱላ ሳይሆን ቴርሞሜትር ነበር የያዙት።

“ማል ታኤ? ምን ሆነ?” አሉኝ። ካርዱን አዩ። “ጠዋት ደህና ነበር? አፉስ ክፍት ነበር?”

እውነቱን ነገርኳቸው።

“ውሻ እንደኛ አያልበውም፣ ልጄ። ሙቀቱን የሚያወጣው በአፉ እያለከለከ ነው። አንቺ መውጫውን ዘጋሽበት። ይሄ እብደት አይደለም፣ ሂት ስትሮክ ነው፤ ሙቀት መትቶታል። ቢሻን ፊዲ! ውሃ አምጪ፤ በረዶ እንዳትጨምሪበት!”

ወደ ጥላ አወጣነው። ቴርሞሜትሩ አርባ አንድ ነጥብ አምስት አለ። ሆዱን፣ ብብቱን፣ መዳፎቹን አራስን። በሳሙና ካርቶን አራገብኩለት። ተንቀጠቀጠ። ሁለቱ ጀሪካኖቼ አለቁ። የቧንቧ ውሃ ከጠፋ አምስት ቀኑ ነው። እትዬ አስካለ የራሳቸውን ጀሪካን እየጎተቱ መጡ። ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል ሲሆን ኦቦ ቶሎሳ እጄን ያዙኝ። “በቃ። ከልክ በላይ ከቀዘቀዘ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።”

ሆስፒታል እንዳንወስደው መንገዱ ዝግ ነው። በሦስተኛው ቀን ሲከፈት በባጃጅ አዲስ አበባ ዳር ያለ የእንስሳት ክሊኒክ አደረስኩት፤ ሐኪሟ ደሙን መርምራ “ኩላሊቱ ተጎድቷል፣ ግን ተስፋ አለው” ብላ በደም ሥሩ ግሉኮስ ሰጠችው፣ ከዚያም ሳምንቱን ሙሉ እየተመላለስን፣ ጨው ያልነካው የአጥንት መረቅ እያቀመስኩት፣ ጥላው ሲዞር ምንጣፉን አብሬ እያዞርኩ፣ ቀስ በቀስ መጀመሪያ ጅራቱ፣ ቀጥሎ እግሩ፣ በመጨረሻም ያ ሰፈር የሚበጠብጥ ድምፁ ተመለሰ።

ኦቦ ቶሎሳ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። እትዬ አስካለ፣ የመጠጥ ውሃዎን ለውሻ ያፈሰሱበትን ቀን አልረሳም።

ውሻ ያላችሁ፣ በበጋ ፀሐይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አትዝጉበት። ሰንሰለቱ ጥላውና ውሃው ጋ ይድረስ። ካለከለከና ከተንገዳገደ በተራ ውሃ አቀዝቅዙት፣ በግድ አታጠጡት፣ የተሻለው ቢመስልም ሐኪም ይየው። በየዓመቱ አስከትቡት፤ ለሃጩን ግን በባዶ እጅ አትንኩ። ከሁሉ በላይ አፉን አትሰሩ። የፈራነው እኛ ነን፤ የፍርሃታችንን ዋጋ እሱ አይክፈል።

ቦቢ ድኗል። አሁንም ግን እጄን ወደ ፊቱ ስዘረጋ አፉን ራሱ ይገጥምና፣ አንገቱን አቅንቶ፣ እንዳስረው ይጠብቀኛል።